«ስሜቱ ሲመጣ እጽፋለሁ፤ አሁን ግን ጠፋብኝ» ላለችው የድሬዳዋ ልጅ

የደረሰን ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ «ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው የምኖረው። የአካውንቲንግ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከትምህርት ስወጣ ቀፊራ ገበያ የአክስቴን ጨርቅ ሱቅ አግዛለሁ። የፍቅር ልብ ወለድ ጀምሬ 40 ገጽ ላይ ቆሜያለሁ። ታሪኩ ጨርቅ ሻጭ የሆነች ልጅና የጅቡቲ መስመር ሹፌር ይዋደዳሉ ነው። በኋላ መኪናው እንዲገለበጥ አስቤያለሁ። ደራሲዎች ሐሳቡን ከየት ነው የሚያመጡት? ትምህርቴን ትቼ አዲስ አበባ ብሄድ ይሻለኛል? በዚህ ሥራ መኖርስ ይቻላል?» ከጥያቄዋ ጋር የጻፈቻቸውን 40 ገጾች ልካልናለች።

እህቴ፣ ትምህርትሽን እንዳታቋርጪ። ይህን የምለው በችሎታሽ ተጠራጥሬ አይደለም፤ የላክሽው ጽሑፍ የሰው አነጋገር በደንብ የሚሰማ ጆሮ እንዳለሽ ያሳያል። ነገር ግን የመጽሐፍ ገንዘብ ዘግይቶ የሚመጣ ገንዘብ ነው። ሒሳብ ትምህርትሽ ስለሆነ አብረን እንሥራው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተቀመጡ ናቸው፤ ትክክለኛውን ማተሚያ ቤት ጠይቀሽ ትተኪበታለሽ። በራስሽ ወጪ 1,000 ቅጂ ብታሳትሚና አንዱ 180 ብር ቢፈጅ 180,000 ብር አወጣሽ ማለት ነው። የሽፋኑ ዋጋ 400 ብር ሆኖ አከፋፋዩና መደብሩ 35 በመቶ ቢወስዱ ከእያንዳንዱ ቅጂ 260 ብር ይደርስሻል። ያወጣሽውን ለመመለስ ብቻ 693 ቅጂ መሸጥ አለበት። አንድም ሳይቀር ቢሸጥልሽ ትርፍሽ 80,000 ብር ነው። ያውም አርታኢውና ሽፋኑን የሚሠራው ባለሙያ ገና አልተከፈላቸውም። አከፋፋይ ብዙ ጊዜ መጽሐፉን የሚወስደው በዱቤ ስለሆነ ገንዘቡ እስኪመለስ ወራት ያልፋሉ። እነዚያን ወራት የሚያሻግርሽ ደመወዝ ነው። የቤት ኪራይ ያስጨነቀው ደራሲ ደግሞ መጽሐፉን ሳይበስል ወደ ማተሚያ ቤት ይልካል።

አዲስ አበባ መሄዱም አሁን አያስፈልግሽም። አብዛኞቹ አሳታሚዎችና አከፋፋዮች እዚያ መሆናቸው እውነት ነው፤ ግን እነሱ ዘንድ የሚኬደው ያለቀ ረቂቅ ተይዞ ነው። ባለ 40 ገጽ ጅማሮ ይዘሽ ብትሄጂ «ስትጨርሺ ነዪ» ነው የሚሉሽ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አንቺ «ስሜቱ ጠፋ» ያልሽው ችግር የስሜት ችግር አይመስለኝም። ሁለቱ በ12ኛው ገጽ ይተዋወቃሉ፣ በ30ኛው ይዋደዳሉ፣ በ40ኛው የሚከለክላቸው ነገር የለም። የሚከለክላቸው ከሌለ የሚጻፍም የለም። አደጋውን ያሰብሽው ለዚህ ይመስለኛል፤ ሆኖም የመኪና መገልበጥ ከውጭ የሚመጣ ዱብ ዕዳ ነው። አንባቢን ያስደነግጣል እንጂ «ምን ይወስኑ ይሆን?» ብሎ ገጽ አያስገልጠውም። ድንገተኛ በሽታም፣ በመጨረሻ ወንድምና እህት ሆነው መገኘትም እንዲሁ ናቸው፤ አንባቢ ጠግቧቸዋል።

መሰናክሉን ከልጅቷ ውስጥ አውጪው። አባቷ ጅቡቲ ሄዶ የቀረ ቢሆንስ? እናቷ ከባድ መኪና በሰፈሩ ባለፈ ቁጥር ወደ በር ስትመለከት እያየች ያደገች ልጅ፣ መንገድ ላይ የሚኖር ሰው ስትወድ ምን ይሰማታል? እሱ ደግሞ መንገዱን ከልቡ የሚወድ ይሁን፤ መሪ ሲይዝ ብቻ ሰው የሆነ የሚመስለው። እሷን ካገባ መኪናውን መልቀቅ ሊኖርበት ነው፤ መኪናውን ከለቀቀ ደግሞ እሷ የወደደችው ሰው አይሆንም። እንግዲህ ሁለቱም ጥፋት የለባቸውም፣ ሁለቱም ይጎዳሉ። ይህ 200 ገጽ ይሸከማል።

አንድ ነገር ደግሞ አስቢበት። የዛሬ ፍቅረኞች ስልክ አላቸው። «ከሌላ ጋር አየሁት» በሚል አለመግባባት ላይ የቆመ ታሪክ አንድ ጥሪ ያፈርሰዋል። ስለዚህ እያንዳንዳቸው ለምን እንደማይደውሉ በአንድ አንቀጽ ጽፈሽ ጠረጴዛሽ ላይ ለጥፊ። ኔትወርክ ወይም ባትሪ ምክንያት አይሆንም፤ ምክንያቱ ኩራት፣ ፍርሃት፣ ለሌላ ሰው የገቡት ቃል ሊሆን ይችላል።

ሐሳብ ከየት ይመጣል ላልሽው፣ አንቺ የቆምሽበት ባንኮኒ ለፍቅር ደራሲ ከብዙ ቤተ መጻሕፍት ይበልጣል። የሠርግ ጨርቅ ልትገዛ ከእናቷ ጋር የመጣች ሙሽራ ተመልከቺ። እናትየዋ ጨርቁን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል ታሻለች፣ ብርሃን ላይ ዘርግታ ታያለች፣ ዋጋ ትከራከራለች። ሙሽራዋ «የፈለግሽው ይሁን» ብላ ስልኳን ታያለች። ለምን? ደክሟት ነው? ጨርቁን የሚከፍለው ሰው አስጨንቋት ነው? ወይስ የምትጠብቀው መልእክት ከሙሽራው አይደለም? መልሱን ማወቅ የለብሽም፤ እንዲያውም ባታውቂው ይሻላል፣ ትፈጥሪዋለሽና።

ትንሽ ደብተር ያዢና በየቀኑ ሦስት መስመር ብቻ ጻፊ፦ የተባለ ነገር፣ እጅ የሠራው ነገር፣ ሳይባል የቀረ ነገር። «ቆንጆ ጥንዶች አየሁ» ብለሽ ብትጽፊ ከወር በኋላ ምንም አይነግርሽም። «ለውጡን ሳይቆጥር ኪሱ ከተተው፤ እሷ ግን በዓይኗ ቆጠረችው» ብትዪ ግን ውስጡ አንድ ሙሉ ትዳር ይታያል። ደብተሩ ሲሞላ መጻፍ ያቃተሽ ቀን ከፍተሽ አንዱን መስመር ትወስጂና ለገጸ ባሕርይሽ ትሰጫለሽ። መነሳሳት የሚሉት በአብዛኛው ከዚህ ከተጠራቀመ የሚወጣ ነው። ቅዳሜ ሲመችሽ ሐረር ውጪና ጁገል ግንብ ውስጥ «መኪና ግርግር» በሚባለው መንገድ ልብስ ሰፊዎቹ ዘንድ ተቀመጪ፤ ጨርቁ ካንቺ ሱቅ ከወጣ በኋላ ያለውን ታሪክ እዚያ ታገኚዋለሽ።

ስለ ሰዎች ግን ተጠንቀቂ። ድሬ ሁሉም የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። የእውነት ሰው ከወሰድሽ ሥራውን፣ ሰፈሩንና የቤተሰቡን ሁኔታ ለውጪ፤ ስም መለወጥ ብቻውን ማንንም አይደብቅም። ሰው የሰጠሽን የፍቅር ደብዳቤም እንዳለ አትቅጂ፤ ወረቀቱ የተቀባዩ ቢሆንም የጽሑፉ መብት የጸሐፊው ነው።

መቼቱ ላይ ደግሞ አገሬውን አታስቀይሚ። በ1950ዎቹ የምትጽፊው የአያት ታሪክ እንዳለ ከገጾችሽ አይቻለሁ፤ በዚያ ውስጥ ፍቅረኞቹ «ሐረር ባቡር ጣቢያ» ይሰነባበታሉ። ሐረር ባቡር ገብቶ አያውቅም። ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ከተማዋም የተቆረቆረችው ተራራው ባቡሩን ወደ ሐረር ስላላስወጣው ነው። ከዚያ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ስንብቱን «ከዚራ» በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር ወዳለው ጣቢያ አውርጂው፤ ልጁ ከሐረር በመኪና ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ካፖርቱን ሙቀቱ አስወልቆት ይድረስ። ስህተቱን ስታርሚ አንድ ጥሩ ትዕይንት አተረፍሽ። የሐረር ቤት ውስጥ የሚሆን ነገር ካለም አስጎብኚ ለቱሪስት በሚነግረው አትወሰኚ። ነደባው (ከፍ ተደርጎ የተሠራው መቀመጫ) ላይ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ አዲስ ሙሽሮች የሚቆዩባት ኪርታት የምትባለው ክፍል ውስጥ ምን እንደሚገባ፣ ምግቡን ማን እንደሚያቀብል በዚያ ቤት ያገባች እናት ጠይቂ።

ምልልስሽ ከሁሉም ይበልጥ ጠንካራ ጎንሽ ነው፤ «አቦ»ውን በየመስመሩ አትድገሚው እንጂ። በገጽ ሁለቴ በቂ ነው። ድሬ ላይ ትንሹም ትልቁም «አንተ» መባባሉን የሌላ አገር አንባቢ ብልግና እንዳያስመስለው ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ፍቅር መሆኑን በድርጊት አሳዪ። ከዚያ የሹፌሩን እናት ከሌላ አገር የመጣች አድርጊና ልጅቷ «እርስዎ» ስትላት በመካከላቸው ያለው ርቀት ሳትገልጪው ይታያል። ሶማሊኛም ሆነ ኦሮምኛ ተናጋሪ ገጸ ባሕርይ ስታስገቢ አማርኛውን አጣምመሽ ለሳቅ አትጠቀሚበት፤ የምታስገቢያቸውን ቃላትም ቋንቋው አፍ መፍቻው ለሆነ ሰው አስነብቢ።

ስሜትን በስሙ መጥራት ቀንሺ። ገጽ 3 ላይ «ልቡ በናፍቆት ተቃጠለ» ብለሻል። በምትኩ፦ «የባጃጁን ሒሳብ የሁለት ሰው ከፈለ። እሷ ግን ቀፊራ ላይ ወርዳለች።» ናፍቆት የሚለው ቃል የለበትም፤ አንባቢው ግን ራሱ ይለዋል።

አሠራሩ እንዲህ ይሁን። አንድ የኤ5 ገጽ በ12 ነጥብ ፊደል 240 ቃል ገደማ ይይዛል፤ 208 ገጽ መጽሐፍ ወደ 50,000 ቃል ነው ማለት ነው። በቀን 500 ቃል፣ በሳምንት አምስት ቀን ከጻፍሽ በ20 ሳምንት ያልቃል። ሰዓቱን ከንጋቱ 11 እስከ 1 አድርጊው፤ ሙቀቱም ሱቁም ገና አልጀመሩም። የጻፍሽውን እስክትጨርሺ ወደ ኋላ ተመልሰሽ አታርሚ፤ ገጽ 1ን አሥር ጊዜ ማሳመር ብዙ ረቂቅ ገድሏል። ሲያልቅ አንድ ወር አስቀምጪውና ከዚያ ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ ምላስሽ የተደናቀፈበት ቦታ አንባቢም ይደናቀፋል። ጽሑፉን በዩኒኮድ (በየትኛውም ኮምፒውተርና ስልክ በሚነበበው የፊደል ሥርዓት) ጻፊ። በቀድሞዎቹ የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተጻፈ ፋይል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ፊደሉ ተበላሽቶ፣ መጽሐፉ እንደገና የተተየበባቸው ደራሲዎች አሉ። 208 ያልኩትም በምክንያት ነው፦ ማተሚያ ቤት ብዙ ጊዜ አንዱን ትልቅ ወረቀት 16 ገጽ አድርጎ ያጥፋል፤ 208 ደግሞ 13 ሙሉ እጥፍ ነው። 212 ቢሆን ለአራት ገጽ ብለሽ የተጨማሪ ወረቀት ሒሳብ ትከፍያለሽ።

እስከዚያ በቴሌግራም ምዕራፍ በምዕራፍ መልቀቁን አልመክርሽም። አንባቢ «አጋቢያቸው» እያለ ሲያዋክብሽ ታሪኩ ከእጅሽ ይወጣል፤ ያለቀውንም በፒዲኤፍ ሲዞር ታገኚዋለሽ። ረቂቁ ካለቀ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች ብትለቂ ግን ለሽያጭ ይረዳሻል።

ከጽሑፍ ጎን ለጎን የሚከፈልበት ሥራ ከፈለግሽ ድሬዳዋም ሐረርም የየራሳቸው መገናኛ ብዙኃን አሏቸው፤ አጭር የሬዲዮ ድራማ ጽፈሽ ውሰጂላቸው። የዩቲዩብ ተራኪዎችም ጽሑፍ ይፈልጋሉ። እዚህ ላይ ውል ሳትፈርሚ አንድ ገጽ አትስጪ። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራሽ ከተጻፈበት ጊዜ ጀምሮ የተጠበቀ ነው፤ የገንዘብ መብቱ በሕይወት ዘመንሽና ካለፍሽ በኋላ 50 ዓመት ይጸናል። ማስመዝገብ ግዴታ ባይሆንም ክርክር ሲነሳ ማስረጃ ይሆናል። የሕትመት፣ የትረካ፣ የፊልም መብት የተለያዩ ናቸው። «ሙሉ መብቱን ሰጥቻለሁ» የሚል መስመር ካየሽ አሰርዢና የትኛውን መብት፣ ለስንት ዓመት፣ በስንት ብር እንደሰጠሽ በጽሑፍ አስቀምጪ። ለትረካ የተስማማሽው ሰው ፊልም ሊሠራበት ሲፈልግ እንደገና ካንቺ ጋር ይነጋገራል።