ጥያቄዎን ያስቀድሙ፤ ምክንያቱ ይከተላል
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በሥራ ቦታ ተናግሮ ስለማሳመን

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ በአንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ለጥምቀት በስልክ ክፍል ያስያዙ ሰዎች በየዓመቱ ሳይመጡ ይቀራሉ፤ ክፍሉም ባዶ ያድራል። ቀብድ እንቀበል ብዬ ለሥራ አስኪያጁ ሁለት ጊዜ ነግሬያቸው «እናስብበታለን» ብለው አለፉት። እንዴት ብናገር ይሰሙኛል? (ከፒያሳ)

መልስ፦ «እናስብበታለን» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሰሚው ምን እንዲወስን እንደተጠየቀ በግልጽ ሳይገባው ሲቀር ነው። «ሰዎች እያስያዙ ይቀራሉ፤ ቀብድ ብንቀበል ጥሩ ነበር» ማለት ለአለቃ ጆሮ ቅሬታ ነው። ቅሬታን ሰምቶ ማለፍ ይቻላል።

ከመናገርዎ በፊት መዝገቡን ይክፈቱ። ባለፉት ሁለት ዓመታት ከጥር 9 እስከ 12 ስንት ክፍል ተያዘ፣ ስንቱ ሰው መጣ፣ ስንቱ ቀረ? ለምሳሌ 8 ክፍሎች ለ3 ሌሊት ባዶ አድረው የአንዱ ሌሊት ዋጋ 2,500 ብር ቢሆን የቀረው ገቢ 60,000 ብር ነው። በዚያው ሰሞን ሳያስይዙ መጥተው ከባዶዎቹ ክፍሎች ያደሩ እንግዶች ካሉ ግን ከሒሳቡ ይቀንሷቸው። ይህን ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ካገኙት የቀረውንም ቁጥርዎን አያምኑትም።

ቀጥሎ ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉት፦ «ጋሼ፣ ዘንድሮ ብቻ ከጥር 9 እስከ 12 ለሚያዙ ክፍሎች የአንድ ሌሊት ዋጋ ግማሹን ቀብድ እንድንቀበል ይፍቀዱልኝ።» ቀኑም መጠኑም ተለይቷል፤ ከእሳቸው የሚጠበቀውም ፈቃድ መሆኑ ግልጽ ነው። «ዘንድሮ ብቻ» የምትለዋን አይተዋት። አለቃ አጥብቆ የሚፈራው መመለሻ የሌለውን ውሳኔ ነው፤ ለአንድ ሰሞን መሞከር ግን አይከብደውም። ቁጥሩን የሚናገሩት ከጥያቄው በኋላ ነው። ቁጥሩ ከቀደመ ሰሚው «ወዴት ሊወስደኝ ነው?» እያለ ሳያዳምጥ ይቀራል።

ተቃውሞውን እርስዎ ራስዎ ያንሡት። «እንግዳው ቀብድ ስንለው ወደ ሌላ ሆቴል ይሄዳል የሚል ስጋት ይኖራል» ብለው ይጀምሩና መፍትሔውን ያስከትሉ፦ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ለሚሰርዝ ገንዘቡ ይመለሳል፤ ክፍያውም በቴሌብር ወይም በባንክ ስለሚሆን ከአዲስ አበባም ሆነ ከባሕር ዳር የሚደውል ሰው አይቸገርም። ገንዘብ ያዡንም ቀድመው ያነጋግሩ። ደረሰኙን ማን እንደሚቆርጥና ተመላሹ እንዴት እንደሚወራረድ ካልታወቀ ጥሩው ሐሳብ እዚያው ይታነቃል።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። በከተራ ዋዜማ ማንም አይሰማዎትም፤ ኅዳር ላይ፣ የጥምቀት ስልክ ሳይበረታ ያንሡት። «10 ደቂቃ ይስጡኝ» ብለው ቀጠሮ ይያዙ እንጂ በኮሪደር ላይ አይጣሉት።

ጥያቄውን ከተናገሩ በኋላ ዝም ይበሉ። በእኛ ግምት ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። ዝምታው ሲረዝም ብዙ ሰው ይጨነቅና «ካልሆነም ችግር የለውም» ብሎ የገዛ ሐሳቡን ያፈርሳል። አሁንም «እናስብበታለን» ካሉ፦ «እሺ ጋሼ፤ ለመወሰን የጎደለ መረጃ ካለ ላምጣ፤ ዓርብ ላስታውስዎት?» ይበሉ። አንቱ ብሎ ታላቅን ማክበርና ጥያቄን ማድበስበስ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አክብሮቱ በአጠራርዎ ይሁን፤ ጥያቄው ግን ፍርጥ ብሎ ይነገር።

ጥያቄ፦ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ባለሙያ ነኝ። በስብሰባ ተራዬ ሲደርስ አፌ ይደርቃል፤ ድምፄ ይንቀጠቀጣል። እቸኩልና ግማሹን ረስቼ እቀመጣለሁ። (ከማራኪ)

መልስ፦ ሰውነትዎ አደጋ የመጣ መስሎት አድሬናሊን የተባለ ሆርሞን ይለቃል። ልብ ይፈጥናል፤ ምራቅ ይቀንሳል፤ ትንፋሽም ያጥራል። ድምፅ የሚሠራው በሚወጣው አየር ስለሆነ ትንፋሽ ሲቆራረጥ ድምፅም ይቆራረጣል። ስለዚህ «አይዞኝ» ከማለት ይልቅ ትንፋሽን ማስረዘም ይጠቅማል፦ በአፍንጫ 4 እየቆጠሩ ያስገቡ፤ 6 እየቆጠሩ በቀስታ ያስወጡ፤ አምስት ጊዜ ይድገሙት። ተቀምጠው ማንም ሳያውቅብዎ ይቻላል፤ አንድ ደቂቃ ያህል ቢወስድ ነው። ውኃ በአጠገብዎ ይኑር። በባዶ ሆድ ቡና ጠጥተው አይግቡ፤ ካፌይን የእጅንም የድምፅንም መንቀጥቀጥ ያባብሳል።

ንግግሩን ሙሉ በሙሉ በቃል አያጥኑ። አንድ ቃል ከጠፋዎት ተከታዩ ሁሉ ይጠፋል፤ «ግማሹን ረሳሁ» የሚሉት ምናልባት ከዚህ የመጣ ነው። በቃል የሚይዙት የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ይሁን፤ እሱም ጥያቄዎ ራሱ ነው። የቀረውን በትንሽ ወረቀት ላይ ሦስት ቃላት አድርገው ይያዙ።

ብዙዎቻችን በትሕትና የምንጀምርበት «እኔ እንኳ ብዙ አላውቅም፤ ግን...» የሚል መግቢያ አለ። ይህ ሰሚውን እንዳያዳምጥ ይጋብዘዋል። በምትኩ «የተከበራችሁ የስብሰባው ተሳታፊዎች፣ በዕቅዱ ላይ አንድ ነገር እንዲስተካከል እጠይቃለሁ» ይበሉ፤ ትሕትናውም አልቀረም።

ልምምዱ ቆመው፣ ድምፅ አውጥተው ይሁን፤ በልብ ማንበብ ምላስን አያሠለጥንም። ሁለት ደቂቃ በስልክዎ ይቅዱና «እንትን»፣ «ማለት ነው»፣ «ምናልባት» ስንት ጊዜ እንዳሉ ይቁጠሩ። እነሱ በሚመጡበት ቦታ አፍዎን ዘግተው ይተንፍሱ። ለእርስዎ ረጅም የሚመስለው ፋታ ለሰሚው የእርጋታ ምልክት ነው። በስብሰባውም ተራዎ እስኪደርስ አይጠብቁ፤ በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች አንዲት አጭር ጥያቄም ቢሆን ይጠይቁ። ፍርሃት በመጠበቅ ይፋፋል።

ጥያቄ፦ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ሌሊት ለተረኛ ሐኪም ስደውል ይቆጣሉ ብዬ እፈራና ጉዳዩን አስረዝመዋለሁ። (ከአዘዞ)

መልስ፦ ለዚህ በሕክምናው ዓለም የታወቀ ሥርዓት አለ፤ ኤስባር ይባላል። በአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦች ተጀምሮ ወደ ሆስፒታሎች የገባ ነው። አራት ክፍል አለው፦ አሁን ያለው ሁኔታ፣ የታካሚዋ ታሪክ፣ የእርስዎ ግምገማ፣ ከሐኪሙ የሚፈልጉት።

«ዶክተር፣ ከማዋለጃ ክፍል ነው የምደውለው፤ አሁኑኑ ይምጡልኝ። አልጋ 6 ያለች እናት ከወለደች 1 ሰዓት ሆኗታል፤ ብዙ እየደማች ነው። ሦስተኛ ልጇ ነው፤ የእንግዴ ልጁ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል፤ ኦክሲቶሲን ወስዳለች። የደም ግፊቷ 85 በ50፣ የልብ ምቷ 126 ነው፤ ማኅፀኗ ልል ነው። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የደም መፍሰስ ነው ብዬ አስባለሁ። እስኪደርሱ ምን ልጨምር?»

በኤስባር ጥያቄው መጨረሻ መሆኑ ከላይ ካልነው ጋር አይጋጭም፤ ንግግሩ በሙሉ ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ነው። ጉዳዩ እንደዚህኛው ሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ ግን «አሁኑኑ ይምጡልኝ» የሚለው ከየት እንደሚደውሉ ከተናገሩ ቀጥሎ ይምጣ። ቁጥሮቹን ከመደወልዎ በፊት በወረቀት ይያዙ፤ ካርዱም በእጅዎ ይሁን። የሚያስቆጣቸው ብዙውን ጊዜ መደወልዎ ሳይሆን «ግፊቷ ስንት ነው?» ሲባል «ቆይ ልየው» መባሉ ነው። ትእዛዙን ሲቀበሉ መድኃኒቱንና መጠኑን ደግመው ይንገሯቸው፤ «አዎ» ካሉ በኋላ ሰዓቱን ጨምረው ካርዱ ላይ ይጻፉ።