ልጅ፣ ቡናና የቤተሰብ ገንዘብ፦ ከጅማ ጥያቄና መልስ

ከባለቤቴና ከአማቴ ጋር ጅማ ውስጥ የቡና አቅራቢነት ሥራ እንሠራለን፤ ልጆችም እናሳድጋለን። የቤተሰብ ንግድን፣ ልጅ ማሳደግንና ራስን ማሻሻልን የሚመለከት ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ ባልኩት መሠረት ብዙ ጥያቄ መጥቷል። ከዚህ በታች መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ እዚሁ ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ ሱቅ አለኝ። ሥራና ልጅን ማዳረስ አቃተኝ። አንቺ በየቀኑ እንዴት ታመጣጥኚዋለሽ?

እህቴ፣ በየቀኑ አላመጣጥነውም። የእኛ አካባቢ ቡና በጥቅምት መቅላት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ፋታ የለም። ለመታጠብ የተለቀመ እሸት (ቀይ፣ ያልደረቀ ቡና) በዕለቱ ካልተፈለፈለ ጣዕሙ ይበላሻል። ከሚብላላበት ገንዳ በሰዓቱ ካልወጣም እንዲሁ። ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ዝናብ ሲመጣበት ልጄን አስጠንቼ ልምጣ አይባልም። የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ መንፈቅ ዓመት ደግሞ የሚውለው በዚሁ ወቅት ነው።

ስለዚህ የማመጣጥነው በዓመት ነው። በምርት ወቅት የልጆቹን ደብተር የሚያየው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቃል፤ በእኛ ቤት ታናሽ እህቴ ናት፣ ለድካሟም ከንግዱ ይከፈላታል። ዘመድ ስለሆነች በነጻ ትሥራ ማለት ተገቢ አይመስለኝም። ቡናው ተሸጦ ሥራው ሲቀዘቅዝ ከሰዓት በኋላው የልጆቹ ነው። በጥድፊያው ወቅት የማይነካው እራት ብቻ ነው፦ የእሸት መኪና በማዕድ ሰዓት ከደረሰ አንዱን ምሽት ባለቤቴ ይነሣል፣ በማግስቱ እኔ። ሁለታችንም በአንድ ምሽት ከማዕዱ አንነሣም።

አንቺም የሱቅሽን ወቅት ለዪ። በመስከረም፣ በበዓል ዋዜማና ገበሬው የቡናውን ገንዘብ በሚያገኝበት ጊዜ ረዳት ቅጠሪ፤ በቀረው ጊዜ በጊዜ ዝጊና ወደ ቤትሽ ግቢ።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ከመሳቢያው እንደ ልባችን እንወስዳለን። ዓመቱን ሙሉ ሠርተን ትርፉ የት እንደሚገባ አናውቅም።

ለሁለታችሁም ደመወዝ ቁረጡ። የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤቱ ዕቁብ፣ ዕድሩ፣ ለዘመድ የሚሰጠው ሁሉ ከደመወዛችሁ ይውጣ፤ የንግዱ ዕቁብ ካለ ለብቻው ይሁን፣ የባንክ ሒሳቡም እንዲሁ። ከመደርደሪያ አንድ ሳሙና ለቤት ቢወጣ ይጻፍ። የቡና ሰው ከሆናችሁ ደግሞ ጥንቃቄው ይበልጣል፤ ገንዘቡ በጥቂት ወራት ውስጥ ገብቶ ለ12 ወር መብቃት አለበትና። ከዚህ ገጽ ላይ አንድ ነገር ብቻ ምረጪ ብባል ይህንን ነው የምለው፤ በብዙ ቤት የፍቅር እጦት የሚመስለው ጠብ መነሻው ያልተጻፈ ገንዘብ ነው።

ጥያቄ፦ በአባቴ ዳቦ ቤት እሠራለሁ፣ ነፍሰ ጡር ነኝ። አባቴ «ከቤትሽ ምን ፈቃድ ትጠይቂያለሽ?» ይላል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለተቀጣሪ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ይሰጣል፤ ለአባትም 3 ቀን። ለባዕድ የሚገባው ለልጅ የሚቀርበት ምክንያት አይታየኝም። አባትሽን ግን ዱቄት በሚራገፍበት ሰዓት አትጠይቂያቸው። የዱቄት ትዕዛዙንና የደንበኞቹን ዱቤ የሚይዝ ሰው አሠልጥነሽ፣ «አባዬ፣ እኔ ስተኛ ሥራው አይቆምም» ብለሽ ቅረቢ። ብዙውን ጊዜ ክልከላው ከፍርሃት ነው።

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጄን ከትምህርት በኋላ ሱቅ ውስጥ ባስቀምጠው ነውር ነው?

ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላ ልጅ በሕግ አይቀጠርም። አጠገብህ ተቀምጦ መልስ መቁጠር ቢማር መልካም ነው፤ ሱቁን ለብቻው ጥለህበት መሄድ ግን ሌላ ነገር ነው። የቡና መፈልፈያ ማሽን ካለህ ደግሞ ከአጠገቡ ጭራሽ አይቁም።

ጥያቄ፦ አማቴ ከሥራው እጃቸውን አይሰበስቡም። በእያንዳንዱ ዋጋ ላይ ይገባሉ።

ከማንም የተሻሉበትን ሥራ ሙሉ በሙሉ ስጫቸው። የእኔ አማት ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ሲመጣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ጆንያው ውስጥ ከትተው ከሥር ይዘግናሉ፣ ያሸታሉ፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ የሆነውን ከሚዛን በፊት ያውቁታል። ስለዚህ ቡናው ይገባል ወይስ አይገባም የሚሉት እርሳቸው ናቸው፣ ቃላቸውም የመጨረሻ ነው። ዋጋው የእኔና የባለቤቴ ነው። ይህን የተነጋገርነው እርሳቸው ባሉበት፣ ቡና ተፈልቶ ነው። በልጃቸው በኩል መልእክት አትላኪባቸው፤ ትልቅ ሰው በዚህ ይጎዳል።

ጥያቄ፦ መማር እፈልጋለሁ፣ ጊዜ ግን የለኝም። ከምን ልጀምር?

ነገ ሥራ ላይ ከምታውዪው። እኔ የሒሳብ አያያዝን፣ ቀጥሎም የቡና ቅምሻን በክረምት ተማርኩ። ዛሬ ገዢ «ቡናሽ የሻገተ ሽታ አለው» ሲለኝ ከእርሱ ጋር እኩል ቀምሼ እመልስለታለሁ። ዲግሪው ልጆችሽ ከፍ ሲሉም ይደርሳል።

ጥያቄ፦ የ17 ዓመት ወንድ ልጄ ንግዱን አልፈልግም ብሏል። ከእርሱ በታች ሁለት እህቶች አሉት። ሥራው ሊበተን ነው?

ወንድሜ፣ አታስገድደው። ሥራውን ሌላ ሰው እየመራው ልጅህ ባለድርሻ ሊሆን ይችላል፤ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለዚህ ይመቻል፣ በንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 መሠረት ደግሞ አንድ ሰው ብቻውንም ሊያቋቁመው ይችላል። እህቶቹንስ ጠይቀሃቸዋል? ታላቂቱን በዚህ ክረምት የሒሳብ መዝገቡ ላይ አስቀምጣት።