ዳዊት የተደገመበት ቀይ ከረጢት

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው አትላንታ ነው፤ በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተረኛ ሆኜ እሠራለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ባልደረባዬ፣ እናቴን የምታህል ሴት፣ ሥር የተቋጠረባት ትንሽ ቀይ ከረጢት ሰጠችኝ። «ሁዱ» ይሉታል። ቀስ በቀስ ሻማውንም፣ የቅጠል እጥበቱንም፣ ለየትኛው ችግር የትኛው መዝሙር እንደሚደገምም ተማርሁ። አሁን ባለቤቴ ልቡ ስለ ራቀብኝ ስሙን በወረቀት ጽፌ ማር ውስጥ ከትቼ በላዩ ሻማ አበራለሁ። ጣዖት አልጠራሁም፤ የምደግመው ዳዊት ነው። ታዲያ ኃጢአት ነው? — ወለተ ማርያም

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኅቴ። በአሜሪካ ደቡብ ሁዱ የሚሠሩትን «የሥር ሐኪም» እንደሚሏቸው ሳውቅ የገዛ አገሬ አነጋገር ነበር ትዝ ያለኝ፦ ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ። ውቅያኖስ ተሻግረሽ ያገኘሽው ነገር ሰፈርሽ ትተሽው የሄድሽው ነው።

ይህን ስል ግን ባልደረባሽን እንድትንቂ አይደለም። ሁዱ ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ በግዞት የተወሰዱ ሰዎች በባርነት ምድር ያቆሙት ነው፤ የቋጠሮው ልማድ ከኮንጎ፣ መዝሙሩ ከመጽሐፍ ቅዱስ፣ ከቅጠሉም አንዳንዱ ከአገሩ ነባር ሕዝብ። የሚሰማው ዳኛ፣ የሚያክመው ሐኪም የሌለው ሰው ከእርሻ ዳር ሥር ቆፍሮ ቢይዝ ምን ይገርማል? ከባርነት አምልጦ ኋላ የጥቁሮች ነጻነት ታጋይና ጸሐፊ የሆነው ፍሬድሪክ ደግላስ ባሪያ ሳለ ጨካኝ አለቃው ሲያሠቃየው አንድ ወዳጁ «በቀኝ ጎንህ ከያዝኸው ነጭ አይገርፍህም» ብሎ ሥር ሰጥቶት ነበር። ይህን እ.ኤ.አ. በ1845 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ጽፎታል። ሥሩን ይዞ ሄደ፤ ሰውየው ግን ሊገርፈው መጣ። ደግላስም ሁለት ሰዓት ያህል ታገለው፣ ከዚያም በኋላ አልተገረፈም። እኔ ሳነበው ያየሁት የሥሩን ሳይሆን የክንዱን ኃይል ነው፤ እርሱም ራሱ ሥሩን ብዙም አላመነበትም።

ወደ ዳዊቱ ልመለስ። በእኛ ቤት እንዲህ ያለ የለም ብዬ አልዋሽሽም። ክታብ የሚጽፍ ደብተራ አለን፤ 108ኛውን መዝሙር በጎረቤቱ ላይ የሚደግም ጸሎተኛም አለን። ስለዚህ «ዳዊት ነው» የሚለው መልስ እኔን አያሳርፈኝም። ጌታችንን በቤተ መቅደስ ጫፍ አቁሞ «ራስህን ወደ ታች ወርውር» ያለው ፈታኝ የጠቀሰው ምን ነበር? ዳዊትን፤ ያውም «መላእክቱን ስለ አንተ ያዝዛቸዋል» የሚለውን 90ኛውን። የአስቄዋ ልጆችም የጌታን ስም እንደ ቁልፍ ሊጠቀሙበት ቢሞክሩ ርኩሱ መንፈስ «ኢየሱስን አውቀዋለሁ፣ ጳውሎስንም አውቀዋለሁ፤ እናንተሳ እነማን ናችሁ?» ብሎ አቍስሎ ራቁታቸውን አባረራቸው (ሐዋ. 19)። ጸሎት መለመን ነው፤ ለማኝ እንቢ ሊባል ይችላል። አስማት የሚሸጥልሽ እንቢ የማይል አምላክ ነው።

ከሁሉ ያሳሰበኝ ማሩ ነው። እኅቴ፣ በአገራችን ይህ ስሙ መስተፋቅር ነው። ባለቤትሽ ነፍስ ያለው፣ ሥጋ ወደሙን ሊቀበል የተጠራ ሰው ነው፤ እግዚአብሔር እንኳ የማያስገድደውን ፈቃዱን አንቺ በማሰሮ ልትዘፈዝፊው ትሞክሪያለሽ። ደግሞ ቢሠራስ? የተመለሰው እርሱ ይሁን ማሩ እስከ ዕድሜሽ ፍጻሜ አታውቂም። ከልብሽ ንገሪኝ፦ ሻማውን ካበራሽባቸው ሌሊቶች በአንዱ እንኳ «ምን አስከፋህ?» ብለሽ ጠይቀሽዋል?

ቅጠልና ሥር መድኃኒትነቱን አልነቅፍም። ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል፤ ኢሳይያስም የሕዝቅያስን ቍስል በበለስ ጥፍጥፍ አክሟል። «ድል ነሺው ጆን» የሚሏት ሥር ግን ከከረጢት ወጥታ ከሆድ እንዳትገባ ተጠንቀቂ፤ ኮሶን የሚያስንቅ አስቀማጭ ናት። የእንቅልፍሽን ነገር ለሐኪም ንገሪ። ሌሊት እየሠሩ ቀን ለመተኛት መታገል ብቻውን ሰው ያሳምማል፤ ሁሉን መንፈስ አታድርጊው።

የምታደርጊው ይህ ነው። የባለቤትሽን ስም ከማሩ አውጥተሽ ቅደጂው፤ ማሰሮውን እጠቢ። ከረጢቱን ለንስሐ አባትሽ ይዘሽ ሂጂ። ልትጥዪው ስትነሺ እጅሽ ከተንቀጠቀጠ ያንንም ንገሪያቸው፤ ፍርሃቱም ከንስሐው ውስጥ ይቆጠራል። በኤፌሶን አስማተኞች የነበሩት መጻሕፍታቸውን በሰው ሁሉ ፊት ሲያቃጥሉ ዋጋው 50,000 የብር ሳንቲም ሆኖ ተቆጥሯል፤ ያንቺ ከዚያ ይቀላል። በመሐል «ተሠርቶብሻል፣ ለመፍቻው ይህን ያህል ዶላር አምጪ» የሚል ከመጣ፣ ጥቁር አሜሪካዊም ይሁን ነጠላ የለበሰ ያገርሽ ሰው፣ በሩን ዝጊ።

ለባልደረባሽ ግን ክፉ ቃል አትናገሪ። በጨነቀሽ ሌሊት ያላትን ሰጥታሻለች። ቡና አፍልተሽ ጥሪያት፤ ከረጢቱን ለምን እንደተውሽው ብትጠይቅሽ ሳትሸሽጊ ንገሪያት። በእኛ ዳዊት አቆጣጠር በ50ኛው መዝሙር (በምዕራቡ 51ኛው) ላይ በሂሶጵ ስለ መታጠብ እንደሚነገር እርሷም ታውቀዋለች፤ ወሬውን ከዚያ ጀምሩት።