መልስ፦ በትምህርት ቤት የጽዳትና የጥገና ሥራ ልጀምር ነው፣ ምን ልወቅ?

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አለህ! ደብረ ብርሃን ላይ በአንድ ትምህርት ቤት የጽዳትና የጥገና ሥራ አግኝተህ «ከምን ልጀምር?» ብለሃል። እኔም እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ስምንት ዓመት ሠርቼበታለሁ።

ከሁሉ በፊት የውኃው ዋና መዝጊያ የት እንዳለ እወቅ። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱን ውርጭ ይወርዳል። ውኃ በረዶ ሲሆን ይሰፋል፣ ቧንቧ ይሰነጥቃል። አንድ ሰኞ ጠዋት ስደርስ የመጸዳጃ ቤቱ ደጅ በውኃ ተጥለቅልቆ ጠበቀኝ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ዋናውን እዘጋና ታችኛውን ቧንቧ ከፍቼ የቀረውን ውኃ አፈሳለሁ። ውጭ የተጋለጠውን በጆንያ ጠቅልለው። ቧንቧው በረዶ ከያዘ እሳት እንዳታስጠጋ። ጨርቅ ጠምጥመህ ለብ ያለ ውኃ ቀስ እያልክ አፍስስበት።

በረኪናን ከአሲድ ጋር በፍጹም አትቀላቅል፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። መጀመሪያ ሽንት ቤቱን በውኃ እጠብ። ከዚያ 5 በመቶ የሆነውን በረኪና አንዱን እጅ በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጠህ ተጠቀም። ጓንት ከሌለ ጠይቅ፣ አትፈር።

ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቴፍሎን (ውኃ እንዳያፈስ የቧንቧ ጥርስ ላይ የሚጠመጠም ስስ ጥብጣብ) እና ትርፍ የቧንቧ ጎሚኒ ከአጠገብህ አይጥፉ። ከዴስክ ላይ ሚስማር ወጥቶ ካየህ ለነገ አትበል፣ ያኔውኑ ምታው። የልጆቹ ዩኒፎርም የሚቀደደው በእሱ ነው፤ ሌላ ማሰፋት ደግሞ ለእናቶቻቸው ከባድ ነው።

ደመወዙ ትንሽ ነው፣ አልዋሽህም። የጎደለህ ነገር ካለ እዚሁ ጻፍልኝ።