ከተከፈተ የሚያጋልጥ የማር ጠርሙስ ማሸጊያ በቤት ውስጥ እንዴት ይሠራል?

እህታችን፣ ከጎጃም ከቤተሰቦችሽ የሚመጣልሽን ማር አዲስ አበባ ላይ በጠርሙስ እያደረግሽ ለሱቆች እንደምታከፋፍዪ፣ አንድ ደንበኛም «ተከፍቶ የተዘጋ ነው» ብሎ እንደመለሰ ጽፈሻል። የማሸጊያ ማሽን ሳይገዛ፣ ክዳኑ መነካቱን የሚያጋልጥ ወረቀት በቤት ውስጥ እንዴት ይዘጋጃል ነው ጥያቄሽ። እኔም በዚሁ ሥራ ላይ ስላለሁ ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ። ስኳር የተቀላቀለበት ማር ሸማቹን ባስመረረበት ገበያ ውስጥ ክዳኑ የተነካካ ጠርሙስ አልገዛም ያለ ሰው ልክ ነው።

ወረቀቱ ስለ ማሩ ንጽሕና አይመሰክርም። የሚመሰክረው አንቺ ከዘጋሽው በኋላ ማንም እንዳልከፈተው ብቻ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልግሽ ጠንካራ ሳይሆን ደካማ ወረቀት ነው። ብዙ ሻጮች ክዳኑን በሰፊ ስኮች ይጠመጥሙታል፤ ስኮች ግን በቀስታ ከላጡት ሳይጎዳ ይነሣል፣ ተመልሶም ይለጠፋል። ቀጭን ተራ የማተሚያ ወረቀት በደንብ ከተጣበቀ ሙሉ ሆኖ አይነሣም። የሚያብረቀርቅ ወረቀትም አትጠቀሚ፤ ሽፋኑ አይቀደድም፣ እርጥበትም ይከላከልለታል።

ወረቀቱን ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ባለው ቁራጭ አዘጋጂና ከጠርሙሱ አንድ ጎን ተነሥቶ በክዳኑ ላይ አልፎ በሌላው ጎን እንዲወርድ አድርጊ። በሁለቱም በኩል ቢያንስ ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር መስታወቱ ላይ ይረፍ፤ ጫፉ ካጠረ በምላጭ ቀስ ብሎ ማንሣት ቀላል ነው። ከመለጠፍሽ በፊት መስታወቱ ላይ የሚያርፉትን ጫፎች ከግራና ከቀኝ ጠርዛቸው ወደ መሐል እንደ ዓሣ አጥንት አግድም እየሰያየፍሽ በምላጭ ሰንጥቂያቸው። መሐሉን ግን አትንኪ፤ ስንጥቆቹ ከተገናኙ ሳትለጥፊው እጅሽ ላይ ይበጣጠሳል። አንድ ሰው ጫፉን ይዞ ሊልጥ ሲሞክር መጀመሪያ ጥቂት ይነሣለታል፣ ከዚያ ቅዳዱ የቅርቡን ስንጥቅ ተከትሎ ወደ ጎን ይሄድና ጫፉ ብቻ በጣቱ ላይ ይቀራል፤ የተቀረው መስታወቱ ላይ ነው። ሥራው እጅ የሚያዝል ቢሆንም ወረቀቶቹን ደራርቦ በአንድ ጊዜ መሰንጠቅ ይቻላል።

ስለ ማጣበቂያው ደግሞ፣ የዱቄት ሙጫ ርካሽ ነው፣ መስታወትም በደንብ ይይዛል፤ ነገር ግን በሞቀ ውኃ የራሰ ጨርቅ ያስለቅቀዋል፣ በክረምትም ይሻግታል። የተዘጋጀ ተለጣፊ ወረቀት ከውኃ ይልቅ ሙቀት ጠላቱ ነው፤ የፀጉር ማድረቂያ ካገኘ ማጣበቂያው ይላላል። እኔ የምመርጠው ነጩን የአናጢ ኮላ በጥቂት ውኃ አቅጥኖ በስሱ መቀባት ነው። ወረቀቱ ውስጥ ስለሚገባ ሲደርቅ አብረው አንድ ይሆናሉ፤ በውኃ ቢርስም አብዛኛውን ጊዜ ኮላው ከመልቀቁ በፊት ወረቀቱ ይፈራርሳል። ጽሑፉን ውኃ በማይበትነው የሌዘር ማተሚያ አሳትሚና ፊርማሽን ግን ሲርስ በሚፈስ ቀለም በእጅሽ ፈርሚበት። እርጥብ ጨርቅ የነካው ወረቀት በፊርማው ይታወቃል።

ማሸጊያ ሳይቀደድ የሚላቀቀው አብዛኛውን ጊዜ በኮላው ድክመት ሳይሆን በክዳኑና በአንገቱ ላይ በቀረ ማር ነው። በዓይን የማይታይ ስስ ወለላ እንኳ ኮላውን አያስይዝም። በሞቀ ውኃ በራሰ ጨርቅ ጥረጊ፣ አድርቂ፣ ከዚያ በአልኮል ደግመሽ ጥረጊና በጣትሽ ሳትነኪው ለጥፊ። ማሩን ለመቅዳት አሙቀሽው ከሆነ ጠርሙሱ እስኪቀዘቅዝ ጠብቂ።

አሁን ተንኮለኛው ወረቀትሽን ፎቶ ኮፒ አድርጎ አዲስ ቢለጥፍበትስ? በሙቀት የሚኮማተረው የፕላስቲክ መጠቅለያም ይኸው ችግር አለበት፤ አንቺ ከገዛሽበት ሱቅ እሱም ይገዛል። ለዚህ መፍትሔው ቁጥር ነው። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ የተለየ ቁጥር በእጅሽ ጻፊ፤ መዝገብ ላይ ደግሞ ቁጥሩን፣ የታሸገበትን ቀን፣ ማሩ ከየትኛው ንብ አናቢ እንደመጣና ለየትኛው ሱቅ እንደሄደ መዝግቢ። አንድ ቁጥር ሁለት ቦታ ከታየ፣ ወይም ለመርካቶ የሰጠሽው ቁጥር ሳሪስ ላይ ከተገኘ፣ የት መጠየቅ እንዳለብሽ ታውቂያለሽ። ወረቀቱ ላይ «ተቀድዶ ካገኙት አይግዙ» የሚል ጽሑፍና ስልክ ቁጥርሽ ይኑርበት፤ ያልተነካው ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ገዢ ማሸጊያው ከንቱ ነው። መለያውን እያሳተምሽ ሳለ፣ ዕድሜው ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ማር እንደማይሰጥም አብረሽ አስጽፊ። በሕፃናት ላይ ከባድ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል።

ባለሱቁን ከመውቀስሽ በፊት ግን ማሩን እዪው። በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ መሠረት ማር ከ20 በመቶ በላይ ውኃ ሊኖረው አይገባም። ንቦቹ በሰም ሳይደፍኑት የተቆረጠ የማር እንጀራ ውኃው ይበዛል፣ ውኃው የበዛ ማር ደግሞ ይፈላል። የሚፈጠረው ጋዝ ክዳኑን ገፍቶ ወረቀቱን ሊቀድድ ይችላል። አረፋና የጠጅ ሽታ ካለው እጁን የሰደደ ሰው የለም፤ ጥፋቱ ከቆረጣው ነው፣ ለቤተሰቦችሽ መንገር ያለብሽም ይህንኑ ነው።

ማሸግ ከመጀመርሽ በፊት አንድ ጠርሙስ ለእጀ ብልህ ዘመድሽ ስጪው። ምላጭ፣ የሞቀ ጨርቅና የፀጉር ማድረቂያም አቅርቢለትና ምልክት ሳይተው ከፍቶ እንዲዘጋው ጠይቂው። ከተሳካለት ኮላውን ወይም ስንጥቆቹን ቀይሪ።

ሱቅ ላይ ክዳን የሚከፈተው ግን ሁልጊዜ በተንኮል አይደለም። የእኛ ሸማች ማር ሳይቀምስ አይገዛም፣ ባለሱቁም ደንበኛውን ላለማስቀየም የታሸገውን ይከፍትለታል። ስለዚህ ከምታስረክቢው ማር ጋር ከዚያው ቆረጣ የተቀዳ፣ ያልታሸገና «ለቅምሻ» ተብሎ የተጻፈበት ትንሽ ጠርሙስ ከማንኪያ ጋር በነጻ ስጪው። ሲያልቅም መልሰሽ ሙዪለት፤ የምታጪው ማር ከሚመለስብሽ ጠርሙስ ዋጋ ያንሳል።