የፈረንጅ ቅድመ አያት ለምትፈልጉ ልጆች

ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ። እንግሊዝ አገር በአንድ አውራጃ ቤተ መዛግብት ብዙ ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። እዚያው ከተወለዳችሁት መካከል እናታችሁ ወይም አያታችሁ እንግሊዛዊት የሆነች አላችሁ፤ «ጋሼ፣ የእናቴን ወገን ከየት ልጀምር?» ትሉኛላችሁ። በአባት በኩል ሰባት ቤት የሚቆጥርላችሁ አጎት አይጠፋም። በእናት በኩል የሚቆጥርላችሁ ወረቀት ነው። ወረቀት ደግሞ ለሴት አያደላም።

የኛ ሴት ብታገባም ባታገባም በአባቷ ስም ነው የምትኖረው። እንግሊዟ ግን የባሏን ስም ትወስዳለች፣ እሱ ሞቶ ሌላ ብታገባ ደግሞ እንደገና ይቀየራል፣ ስለዚህ አንዷን ሴት በሦስት ስም ልታገኟት ትችላላችሁ። ይባስ ብሎ ከ1837 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የጋብቻ መዝገቡ የሙሽሮቹን አባቶች ስምና ሥራ ብቻ ነበር የሚጠይቀው። የእናት ስም የገባው በ2021 ነው። ትናንት ማለት እኮ ነው!

እናት የምትገኘው የልጇ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ ነው። ከማግባቷ በፊት የነበራት ስም እዚያ ይጻፋል። በዚያ ስም የእሷንና የባሏን ጋብቻ ትፈልጋላችሁ፣ ከጋብቻው ዕድሜዋንና አባቷን ታገኛላችሁ፣ ከዚያ ወደ እሷ ልደት ትሄዳላችሁ። ልደት፣ ጋብቻ፣ ልደት፣ ጋብቻ እያላችሁ እስከ ሐምሌ 1837 ትወጣላችሁ፤ የመንግሥት ምዝገባ የተጀመረው ያኔ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው የቄሶቹ መዝገብ ነው፣ እሱም በ1538 የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ዋና ሹም የነበረው ቶማስ ክሮምዌል በየደብሩ እንዲያዝ ያዘዘው። እስከ 1752 ድረስ የእንግሊዝ አዲስ ዓመት የሚገባው ማርች 25 ስለነበር ቀን ስታነቡ ተጠንቀቁ። በሁለት ካላንደር ላደገ ሰው መቼም ይሄ ብርቅ አይደለም።

አሁን አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ሰማንያ ያለፋት ጎረቤት ነበረችኝ፣ እሁድ እሁድ ሻይ የምታጠጣኝ። የአያቷ እናት የመኳንንት ዘር ናት ተብሎ ነው ያደገችው። (እንግሊዝ ቤት ሁሉ አንድ የጠፋ መኳንንት አለ። እኛስ ዘንድ የንጉሥ ዘር ያልሆነ ማን አለ?) እስቲ ፈልግልኝ አለችኝ። የዚያችን የአያቷን እናት ስም አልጽፍም፣ ግን በዚያ ዘመን በየመንደሩ አምስት ስድስት ሴት የሚጠራበት ዓይነት ስም ነው።

እዚህ ላይ ነው የተሸወድኩት። በዚያው አውራጃ ሁለት ሕፃናት በአንድ ስም ተመዝግበዋል። አንደኛዋ የባለ ርስት ገበሬ ልጅ ናት፣ ሁለተኛዋ አባት የላትም። ገበሬው ደስ አለኝና እሱን ይዤ አራት ትውልድ ወጣሁ፣ ለምስክር ወረቀቶቹም ከኪሴ ከፈልኩ። ከሦስት ወር በኋላ የቀብር መዝገብ ሳገላብጥ የገበሬው ልጅ በሁለት ዓመቷ ተቀብራለች። የማይመለከተኝ ቤት ለቅሶ ስደርስ ነው የከረምኩት። ስለዚህ እባካችሁ፣ ሰውየውን ከመውደዳችሁ በፊት ሕፃኑ አድጎ እንደሆነ አረጋግጡ። ኢንተርኔት ላይ ተዘጋጅቶ የምታገኙት የዘር ሐረግም ብዙው እንደኔ ገበሬውን የወደደ ሰው የሠራው ነው።

እውነተኛዋ በ1839 ወርክሃውስ በሚባለው የድሆች መጠለያ ውስጥ ነው የተወለደችው። የአባት ቦታ ላይ ሰረዝ ብቻ። ለጎረቤቴ ስነግራት ኩባያዋን አስቀመጠችና ዝም አለች። ቆይታ «ሥራዋስ ምን ነበር?» አለችኝ።

ለዚህ ጥያቄ የሕዝብ ቆጠራ ነው የሚሻለው። በየአሥር ዓመቱ ነው፣ የሁሉም ሰው ስም መጻፍ የጀመረው በ1841 ነው፣ ዝምድናና የትውልድ ቦታ ደግሞ ከ1851 ወዲህ ታገኛላችሁ። ለሕዝብ የሚከፈተው መቶ ዓመት ሲሞላው ስለሆነ የ1921ዱ የወጣው በ2022 ነው። የ1931ዱ በ1942 ተቃጥሏል፣ የ1941ዱ በጦርነቱ ምክንያት አልተካሄደም። በሱ ፈንታ በ1939 የተደረገውን ምዝገባ ተጠቀሙ።

የጎረቤቴ አያት እናት በ1861 ሰው ቤት ገረድ ናት። በ1871 አግብታ አራት ልጅ አላት፣ የሥራ ቦታዋ ባዶ። በ1881 ስድስት ልጅ፣ አሁንም ባዶ፤ ዕድሜዋም በአሥር ዓመት ውስጥ የጨመረው ሰባት ብቻ ነው፣ ይሄ የተለመደ ነው አትደንግጡ። በ1891 ባሏ ሞቷል። ያኔ «ልብስ አጣቢ» ተብሎ ተጻፈላት። የስድስት ልጅ ልብስ ስታጥብ ሥራ ያልተባለው የሰው ልብስ ስታጥብ ሥራ ሆነ።

አንድ የሙያ ምስጢር ልንገራችሁ። ከመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ገዝታችሁ የሚመጣላችሁ የጋብቻ ወረቀት ግልባጭ ነው፤ የጥንቱ ላይ ያለው ፊርማ ጸሐፊ የገለበጠው እንጂ የሙሽራዋ እጅ አይደለም። ዋናውን ከፈለጋችሁ የደብሩን መዝገብ ራሱን ወይም ፎቶውን እዩ። የምስክሮቹንም ስም አትዝለሉ፣ እህትና እናት ብዙ ጊዜ የሚደበቁት እዚያ ነው።

ጎረቤቴን ይዣት ሄድኩ። የ1863ቱ የሴትየዋ ሠርግ ላይ በፊርማ ፈንታ ኤክስ አለ፣ ከጎኑ ቄሱ «ምልክቷ ነው» ብሎ ጽፎበታል። ከዚያ በ1887 የልጇን ሠርግ ገለጥን። ከምስክሮቹ አንዷ እሷ ናት፣ ስሟን በራሷ እጅ ፈርማለች። ፊደሎቹ ትልልቅና የተንጋደዱ ናቸው፣ አንዱ ከመስመሩ ወጥቶ ወድቋል። በ1880 ትምህርት ግዴታ ሆኖ ነበርና ከልጆቿ ጋር ፊደል የቆጠረች ይመስለኛል።

ጎረቤቴ መነጽሯን አውልቃ ፊቷን ወደ ገጹ አስጠጋች። ብዙ ቆየች።

«አንድ ፊደል ዘላለች እኮ» አለችኝ።