«ለአብሮ አደጎቼ ሽሮ?»

ጥያቄ፦ «የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። ቤታችን ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። በመጪው ጥር አገባለሁ። እኔና እጮኛዬ ሠርጋችን ያማረ፣ ግን አካባቢን የማይጎዳ እንዲሆን ተስማምተናል። የታሸገ ውሃ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ የመኪና አጀብ፣ ሥጋ አይኖርም። የምንጠራው 120 ሰው ነው፤ ሲወጡ ለእያንዳንዳቸው ችግኝ እንሰጣለን። ምግቡም ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም አንድ እንዲሆን የጾም ይሁን አልን። ለእማዬ ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ ‹ለአብሮ አደጎቼ ሽሮ?› ብላ ተነሥታ ወጣች። የእሷ ዝርዝር 400 ሰው ነው። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነን፤ ‹ቡና ፈልቷል› ከማለት በቀር አታናግረኝም። በአክስቴ በኩል ደግሞ ‹እንግዲያው እኔ አልገኝም› ብላ ላከችብኝ። ሰው ምን ይለኛል ብቻ ነው የሚያስጨንቃት። ከአባባ ሞት ወዲህ ቤታችን ሲደግስ የመጀመሪያው ነው፤ በደስታ እንዲያልፍ ነበር ምኞቴ። እንዴት ላሳምናት?» ት. ከደሴ

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ለዚህ ቀን አበቃሽ። ከላይ ያለውን ያሳጠርኩት እኔ ነኝ፤ የጻፍሽልኝ አራት ገጽ ተኩል ነው። አብዛኛው ስለ ፕላስቲክ፣ ስለ ዲኮርና ስለ ፎቶ ነው። ስለ አባትሽ ያለው አንድ መስመር ብቻ፣ እሱም መጨረሻው ላይ። እኔ ከዚያች መስመር ልጀምር።

አባትሽ ያረፉ ጊዜ የሆነውን አስቢ። ድንኳኑን የተከለው ቅሬው፣ የሰፈራችሁ ዕድር ነው። እንጀራውን የጋገሩት የቅሬው ሴቶች ናቸው። ከእናንተ ጋር ተቀምጦ የዋለው፣ እናትሽን «አይዞሽ» እያለ እህል ያቀመሰው፣ ክርስቲያን ሙስሊም ሳይል ያው የሰፈሩ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ በራችሁ ላይ ድንኳን አልተተከለም። እናትሽ ያንን ሰው በደስታ ጠርተው «ብሉልኝ፣ ጠጡልኝ» የሚሉበት የመጀመሪያው ቀን የአንቺ ሠርግ ነው። አንቺ ደግሞ 120 ይበቃል አልሻቸው። የተሰረዙት 280 ሰዎች እነማን እንደሆኑ ጠይቀሻቸዋል? ብዙዎቹ የለቅሶው ዕለት ደጃችሁ የነበሩ ናቸው ብዬ እወራረዳለሁ። እናትሽ ብድር አለባቸው፤ ልጃቸው «አትመልሺ» ያለቻቸው መስሏቸዋል።

የምግቡ ነገር ደግሞ ከቁጥሩ የባሰ ነው። ሐሳብሽ ሌላ አገር ቢሆን ብልህ ያሰኝሽ ነበር፤ አንድ ገበታ፣ ሁሉም የሚበላው። ወሎ ላይ ግን ሠርግ ቤት ውስጥ ሁለት ምድጃ የሚነደው ያለ ምክንያት አይደለም። የሙስሊሙ እርድ በሙስሊም እጅ ይታረዳል፤ ድስቱ ለብቻ፣ ቢላዋው ለብቻ፣ አብሳዮቹ ለብቻ ናቸው። ለእነሱ አልኮል የሌለው መጠጥ፣ ቅሪቦ ይዘጋጃል። አስተናጋጁም ከጎረቤት ተመርጦ «አንተ ወገኖችህን እይልኝ» የተባለ ሰው ነው። ይህ ሁሉ ድካም «ስደግስ አስቤሃለሁ» ማለት ነው። ሁለቱን ድስት አንድ ስታደርጊው ለአንቺ እኩልነት መሰለሽ፤ እናትሽ ጆሮ የደረሰው ግን «ለማንም አልተጨነቅንም» የሚል ነው። ሽሮው ምን በደለ፣ የኔ እህት!

«ሰው ምን ይለኛል ብቻ ነው የሚያስጨንቃት» ብለሻል። እውነትሽን ነው፤ እናትሽን ይሉኝታ ይዟቸዋል። አንቺስ? በደብዳቤሽ ውስጥ «ፎቶ» የሚለውን ቃል ሰባት ቦታ ቆጥሬያለሁ። ሐይቅ ዳር በሸማ ቀሚስ፣ ችግኝ ታቅፈሽ የምትነሺውን፣ የመሥሪያ ቤት ጓደኞችሽ ሲያዩት ምን እንደሚሉ ሳይቀር ጽፈሽልኛል። ማማሩን አልጠላሁብሽም፤ ሙሽራ ካላማረች ማን ሊያምር ነው? ግን እናትሽ ቅሬው ፊት ቢያፍሩም ይፈሩ፣ እኔ ጓደኞቼ ፊት ልመር እያልሽ እንደሆነ ይታይሽ። ይሉኝታው ሁለታችሁንም ይዟል፤ የሚለያዩት ተመልካቾቻችሁ ናቸው። እኔ ዘንድ ጥር ሲቃረብ የሚመጣ ሙሽራ ብዙ ነው፤ ስለ ትዳሩ የሚጠይቀኝ ጥቂቱ ነው፣ የሚበዛው ስለ ተጠሪ ዝርዝር ያለቅሳል።

ይህን ስል ጭንቀትሽ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። 400 ሰው ሁለት ሁለት ሃይላንድ ቢጠጣ በአንድ ቀን 800 ባዶ ፕላስቲክ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ የት እንደሚወርድ የቦርከናን ወንዝ ድልድይ ላይ ቆሞ ያየ ሰው ያውቀዋል። መንግሥትም ቢሆን በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን በአዋጅ ከልክሏል። ግን ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነበው አንድ ነገር አስገረመኝ፤ እናትሽ «የታሸገ ውሃ ይኑር» ያሉበት ቦታ የለም። የፕላስቲክ አበባ አምጡልኝም አላሉም። ስለ መኪናውም ትንፍሽ አላሉም። የተቆጡት በሁለት ነገር ብቻ ነው፦ በሰውና በሥጋ። ከዕቅድሽ የሚበዛው ተቃዋሚ የለውም። ሁሉንም በአንድ ወረቀት ጠቅልለሽ «ይሄ ነው ሠርጋችን» ብለሽ ስላቀረብሽ ነው አንድ ላይ የወደቀብሽ።

ደግሞ አማካሪ ከፈለግሽ እናትሽን የሚያህል የለም። እሳቸው ሲዳሩ በሃይላንድ ውሃ የሚያድል አልነበረም፤ ጠላው በጋን፣ መጠጫው ጣሳና ዋንጫ፣ ወለሉ ቄጠማ ነበር። ዱሮ ሁሉ ነገር ደግ ነበር ልልሽ አይደለም፤ ዳሱ ከተቆረጠ ቅርንጫፍ ነው የሚሠራው፣ የሚነደው እንጨትም በሸክም አይቆጠርም ነበር። ግን የቅሬውን ድንኳን እይው። አንድ ድንኳን ስንት ቤት ያስለቅሳል፣ ስንት ቤት ይድራል! ሰሃኑ፣ ብርጭቆው፣ ብረት ድስቱ፣ ወንበሩ ታጥቦ ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳል። አንቺ በዲኮር ቤት በውድ ልትከራዪ ያሰብሽውን «አካባቢ ወዳጅ» ነገር እናትሽ በወር መዋጯቸው ሲከፍሉለት ኖረዋል። ውሃውን በንጹሕ ጀሪካን አስቀድታችሁ በቅሬው ብርጭቆ ብታቀርቡ 800ው ሃይላንድ በአንድ ጊዜ ይቀራል፤ የሚታጠበውን ብርጭቆ የሚያጥቡ ሁለት ልጆች ቅጠሪ፣ አበቃ።

ከፕላስቲኩ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የሚተርፈው ምግብ ነው። እዚህ ላይ ቀስ በይ። እናትሽ 50 ዓመታቸው ነው ካልሽኝ፣ የ1977ቱ ድርቅ ሲመጣ የዘጠኝ ወይም የዐሥር ዓመት ልጅ ነበሩ። ያን ዘመን ወሎ ውስጥ በልጅነት ያየ ሰው «በልክ እንደግስ» የሚል ቃል ሲሰማ እንደ አንቺ በቁጠባ አይተረጉመውም። ሞልቶ የፈሰሰ ሞሰብ ለእሳቸው ብክነት ላይሆን ይችላል። ስለዚህ አሳንሺ አትበያቸው፤ የተረፈው ለማን እንደሚደርስ ግን እሳቸው ይወስኑ። ለአብነት ተማሪው፣ ለቁርኣን ተማሪው ለደረሳው፣ ለየኔ ቢጤው፣ ማግስቱን ማን እንደሚወስድ ከሠርጉ በፊት ስም በስም ይጻፍ። የሚደፋ እንጀራ ከሌለ አንቺም እሳቸውም የፈለጋችሁትን አገኛችሁ።

ያን «አልገኝም» ያሉትን ደግሞ እንደ ውሳኔ አትውሰጂው። ልጇን ሳትድር የቀረች እናት በቅሬው ፊት ከሽሮው የባሰ ነው የሚወራባት፤ ይህን ካንቺ በላይ ያውቁታል። ተከፍተው የተናገሩት ነው። አክስትሽን ግን መልእክት ማመላለስ ይብቃት፤ ቃል በሰው አፍ ሲዞር ይሾላል። መልስ በእሷ አትላኪ።

አብሽሪ፣ «ቡና ፈልቷል» የሚለው ቃል አልተቋረጠም። በሩ እሱ ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ እጮኛሽ በሌለበት፣ ዝርዝርሽን ትተሽ፣ ስልክሽን ዘግተሽ ሄደሽ ቁጭ በይ። አቦሉ ላይ ስለ ሠርግ አታንሺ። ቶናው ሲቀዳ «እማ፣ አባባ ያረፈ ጊዜ እነማን ነበሩ ሌሊቱን አብረውሽ ያደሩት?» ብለሽ ጠይቂና ዝም በይ። ዝምታው ይረዝማል፤ አትሙይው። ካለቀሱ አታባብያቸው፣ አብረሽ አልቅሺ፤ አባትሽን እኮ ሁለታችሁም ሳታለቅሱለት ነው ወደ ሠርግ የገባችሁት። ስም ሲጠሩ አዳምጪ። በረካው ላይ ስትደርሱ ቃልሽ አጭር ይሁን፦ «የጠራሻቸውን ሁሉ እንጥራ። ሁለቱም ድስት ይጣድ። ውሃውን፣ ዲኮሩንና መኪናውን ግን ለእኔ ተይልኝ።» ‹ግን› ካልሽ በኋላ ማስረዳት አትጀምሪ።

ወጪው ያሳስበኛል ካልሽ ይህንንም ለእሳቸው ንገሪ፤ በሬው በግ ሊሆን ይችላል፣ ዘመድም እንጀራ ጋግሮ ያግዛል። እጮኛሽንም ቀድመሽ ብቻውን አናግሪው፤ የተስማማችሁበትን ስትለውጪ ከእናትሽ አፍ መስማት የለበትም። መኪናውን በሚመለከት ከእናትሽ ይልቅ ሚዜዎቹን ፍሪ። ከደሴ ፎቶ የምትነሺበት ሐይቅ ድረስ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዐሥር መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ከሚሄድ ሁሉም በአንድ አውቶቡስ እየጨፈረ ቢሄድ መንገዱም ያምራል። እስኪያምኑሽ ግን ይንጫጫሉ፤ ተዘጋጂ።

አንድ ነገር ብቻ እንደ ባለሙያ ሳይሆን እንደ ወሎ ሰው ልጨምር። ችግኙን በጥር አትስጪ። በልጉ ከመጣ መጣ፤ ካልመጣ 400 ችግኝ በየሰዉ በረንዳ ላይ በላስቲኩ እንዳለ ይደርቃል፣ ላስቲኩም ፕላስቲክ ነው። ክረምቱን ጠብቂ። ሐምሌ ላይ አንቺና ባልሽ ጥቂት ችግኝ ይዛችሁ እናትሽ ቤት ግቡ። ወይራ ይሻል እንደሆነ ጌሾ፣ እሱን እሳቸውን ጠይቂ።